የኢሾም ጠመኔ

ቬስታ ቤንትሊ በብራሽ ፎርክ ሸለቆ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ እያበሰለች የኖረች ሴት ናት። ባቄላ ትቀቅላለች፤ የበቆሎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ሳህኑን ሳይጨርስ የሚነሣውን ልጅ በዓይኗ ብቻ ታስቀምጠዋለች። በዚያ የኬንታኪ ተራራ ሥር ሰው ሁሉ ያንጎራጉራል፤ ወንዱ እንጨት ሲፈልጥ፣ ሴቷ ልብስ ስታሰጣ። የቬስታ ድምፅ ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ተሰምቶ አያውቅም። ወጣቶቹ “እግዜር ድምፅ ነፈጋት” ይሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ያውቁታል፤ ስለሚያውቁትም ዝም ይላሉ። ሎዌል ቤንትሊን ሳታገባ በፊት ስተርጂል ነበረች፤ የኢሾም ስተርጂል ልጅ።

ኢሾም በከሰል ማዕድኑ ጋዝ መርማሪ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ወደ ዋሻው ይገባል። ትንሿን መብራት ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ነበልባሏን ያያል። ነበልባሏ ሰማያዊ ቆብ ካጠለቀች ጋዝ አለ ማለት ነው። ከሌለ በጠመኔ የስሙን ፊደላትና ቀኑን በከሰሉ ግንብ ላይ ይጽፋል፤ ካለ ደግሞ በመግቢያው ላይ ሁለት ሳንቃ አመሳቅሎ ይመታበታል። ጠዋት የሚገቡት ሰዎች ጠመኔውን አይተው ይገባሉ፣ ሳንቃውን አይተው ይመለሳሉ። በሸለቆው ውስጥ ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው ነበር፤ የኢሾምን ጠመኔ የማያነብ ግን አልነበረም።

ያን ቀን ጠዋት ኢሾም እጁን ታጥቦ ለቁርስ ተቀመጠ። ቬስታ ገና ልጅ ነበረች፤ መረቅ የፈሰሰበት ትኩስ ዳቦ እያቀረበችለት ነበር። ለእናቷ የተናገረውን በጆሮዋ ሰማች።

“አራተኛውን ዘግቼው መጣሁ። ሳንቃ መትቼበታለሁ። ዛሬ የዚያ ክፍል ሰዎች ሥራ ፈትተው ይውላሉ፤ አለቃው ደስ አይለውም።”

“አይበለው!” አለች እናቷ። “ብላ ይልቅ፤ ሳይቀዘቅዝ።”

ዳቦውን ሳይጨርስ መስኮቱ ረገፈ። ቬስታ በኋላ ዘመን እንደምትለው ድምፁ ከጆሮ በፊት በእግር ነበር የተሰማው፤ ወለሉ እንደ ታመመ ከብት ተንቀጠቀጠ። አባቷ የቆሸሸ ቦቲውን መልሶ አጠለቀና ሮጠ። ጭሱ ሳይጠራ ወደ ፈነዳው ዋሻ ከገቡት የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ ሬሳ ሲያወጣ ዋለ፣ በማግስቱም ሲያወጣ ዋለ። የኢሾምን ፊት በጥላሸቱ ውስጥ የለየ አንድ አባት ግን የልጁን ሬሳ ከእጁ ነጠቀው። “አንተ አትንካው!” አለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አራተኛው ክፍል እንዳለ ነዷል። ሳንቃ ቢኖርም ባይኖርም አመድ ሆኗል። ከጎኑ ባለው በሦስተኛው ክፍል ግንብ ላይ ግን የኢሾም ጠመኔ ያን ቀን እንደተጻፈ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ያንን ያየ ሰው ወጥቶ “ጠመኔውን አየሁት” አለ። የየትኛው ክፍል ጠመኔ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ኢሾም “ሳንቃ መትቼ ነበር” ብሎ ማለ። አለቃው “እኔ ሳንቃ አላየሁም” አለ። የአለቃው ቃል ከባድ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚኖረው በኩባንያው ቤት ነዋ።

ሬሳዎቹ በትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተደርድረው ሳለ ማልቪ ኮምብስ የባሏን ራስ ታቅፋ ተቀመጠች። ማልቪ በሸለቆው ግጥም የሚወጣላት ሴት ነበረች፤ ሰው ሲሞት፣ ፈረስ ሲሰረቅ፣ ወንዝ ሲሞላ ሁሉ ትገጥማለች። እዚያው ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የዚያ አገር ዘፋኝ እንደሚያደርገው በፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ጀመረች። የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠራች። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦

*ኢሾም በጠመኔ ስሙን ጽፎ ወጣ፣*
*ዋሻው ደኅና ነው ሲል ሞት ተከትሎት መጣ፤*
*እሱ ቁርሱን በላ ከምድጃው ዳር ሆኖ፣*
*የኛ ሰው አለቀ ከድንጋይ ስር ታፍኖ።*

በክፍሉ የነበረው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ሲጠብቀው የነበረውን ነገር ያገኘ ነበር የሚመስለው።

ዘፈኑ እግር አወጣ። አንድ ዓይነ ስውር ቫዮሊን መቺ ከማልቪ ተምሮ ችሎት በሚቆምበት ቀን በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ዘፈነው። ከእሱ የሰሙ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ባንጆና ጊታር ጨምረውበት ቴነሲ ወርደው በሸክላ አስቀረጹት። ሸክላው ላይ የማልቪ ስም አልነበረም፤ “የጥንት የሕዝብ ዘፈን” ይላል፣ ሬሳዎቹ ከተቀበሩ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖ ሳለ። ወደ ገበያ የወረደ ሰው ከየሱቁ በር ይሰማው ነበር። የቬስታ እናት ክር ልትገዛ ገብታ ክሩን ሳትይዝ የተመለሰችበት ቀን አለ።

ኢሾምን የሚቀጥረው ማዕድን ጠፋ። ልጆች ከአጥር ውጭ ቆመው “ኢሾም፣ ቁርስ ደርሷል!” ብለው ይሮጡ ነበር። እሱ አይቆጣም። ጠመኔ የለመደ ጣቱን ከሱሪው ላይ እየጠራረገ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ሳንባው አስቀድሞም ደኅና አልነበረም፤ በአንድ የክረምት መጨረሻ ሞተ። እንግዲህ በዚያ አገር መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት ነው፤ ማንም ተጠርቶ አይመጣም፣ አካፋውን ይዞ በራሱ ይመጣል። የኢሾም ሬሳ ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ እናትና ልጅ ወደ መንገዱ ሲያዩ አረፈዱ። የመጣ የለም። እኩለ ቀን ላይ እናቷ ተነሥታ ዶማውን ያዘች፣ ቬስታም አካፋውን። መሬቱ ከላይ በረዶ፣ ከስር ድንጋይ ነበር። አልጠለቀላቸውም። ከወገብ እምብዛም ባልዘለለ ጉድጓድ ቀበሩት፤ ቬስታ ዕድሜ ልኳን ዝናብ በጣለ ቁጥር የምታስበው ይህንን ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ፣ ምእመናን ቁርባን ተቀብለው እግር በሚተጣጠቡበት እሑድ፣ ቬስታ በሴቶቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቂም የያዘ ሰው በዚያ ቀን ውኃ አይነካም፤ ሕጉ ነው። ማንም ወደ እሷ እንደማይመጣ ታውቅ ነበር። ማልቪ ኮምብስ ግን ፎጣውን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ገበቴውን አነሣች፣ መጥታም ከፊቷ ተንበረከከች። የልጅቱን እጅ አየች፤ የአካፋው ቁስል ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። ያንን እጅ ይዛ ጮኻ አለቀሰች። ስታበቃም ዝቅ ብላ፣

“እቺን ስንኝ ሁለተኛ በአፌ አላነሣትም” አለቻት። “በዚህ ሸለቆም ማንም አያነሣትም።”

ቃሏን ጠበቀች። ማልቪ ያላነሣችውን ማንም አላነሣም። መጀመሪያ ስንኟ ቀረች፣ ቀጥሎ ዘፈኑ እንዳለ ቀረ። ሸክላዎቹ ተሰበሩ፣ የተረፉትም ሰገነት ላይ ተጣሉ። ቬስታ አገባች፣ ወለደች፣ ሎዌልንም በማዕድኑ ጣሪያ መደርመስ አጣችው፤ በዚያን ጊዜ አካፋ የያዘ ጎረቤት መንገዱን ሞላው። ለልጆቿ ስለ አያታቸው ስትነግራቸው “ማዕድን ሠራተኛ ነበር” ከማለት አላለፈችም። ማልቪ ደግሞ እያረጀች ስትሄድ እንጨቷን የምታስፈልጥላት፣ ሾርባዋን የምታደርስላት ቬስታ ሆነች። በየበጋው እርስ በርስ እግር ይተጣጠባሉ። ለአባቷ የቀረለት ነገር ቢኖር ያ ዝምታ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የሱ ነበር።

ዝምታውን የሰበረው ሬዲዮ ነው። ከኒው ዮርክና ከቦስተን የመጡ ተማሪዎች የድሮ ሸክላ ማደን የጀመሩበት ዘመን ነበር። ከመካከላቸው ጁልያን የሚባል፣ ጢሙን ያሳደገ ትሑት ወጣት፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መደብር ያንን ሸክላ አግኝቶ በጊታር ተጫወተው። በየኮሌጁና በሬዲዮም ይዘፈን ጀመር። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሕይወታቸው ከሰል ነክተው የማያውቁ፣ “የኛ ሰው አለቀ” ሲሉ ሕዝቡ ያለቅስ ነበር ይባላል። ኢሾም የሚለው ስም ደግሞ በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ ስሙ ሲደርስ ሁሉም ባንድነት ይሉታል።

ከዚያ ጁልያን ራሱ መጣ። ዘፈኑን ለባለቤቶቹ ልመልስ ብሎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰው ሰበሰበ። ቬስታ ከኩሽናው በር ቆማ አዳመጠች። ልጁ ዘፈነ፤ እውነት ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነው የዘፈነው። ኢሾም የሚለው ጋ ሲደርስ አብረውት እንዲሉ እጁን ወደ ሰዎቹ ዘረጋ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ወንዶቹ ወለሉን አዩ።

“ረስታችሁታል አይደል?” አላቸው ፈገግ ብሎ። “ምንም አይደለም። እኔ አስታውሳችኋለሁ።”

ስንኝ በስንኝ አስተማራቸው። ትልልቆቹ አፋቸውን አልከፈቱም። ልጆቹ ግን ምኑንም አያውቁም፤ ፈጥነው ያዙት። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሽቅብ ሲመጣ ቬስታ የአባቷን ስም ከሩቅ ሰማች። ድምፃቸውን ከሁሉ በላይ ከፍ አድርገው ከሚዘፍኑት አንዷ የልጇ ልጅ ሪታ ነበረች።

በዚያው ቀን ማልቪ ቤት ሄደች። ማልቪ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

“ሰምተሻል?” አለቻት ቬስታ።

“ጆሮዬ ፈዘዘ እንጂ አልሞትኩም። ሰምቻለሁ። ድምፁ እንደ ጥጃ ነው።”

“አንቺ ነሽ የሠራሽው። አንቺ ብትነግሪው ይተዋታል። ስንኟን ለውጪልኝ፣ ማልቪ። ሳንቃውን አስገቢበት። ሌላ ምንም አልለምንሽም።”

ማልቪ ባቄላውን ከጭኗ አወረደችው።

“ሳንቃው እንደነበረ አውቃለሁ” አለች።

“እኔ ነግሬሽ አይደል።”

“አንቺ ሳትነግሪኝ። የባሌ የክሌል ወንድም በማዕድኑ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ኋላ ኦሃዮ ሄዶ የቀረው። አለቃው ሳንቃዎቹን ነቅሎ ወደ ጎን ሲወረውር በዓይኑ አይቷል። ባሌን ሳልቀብር ነው የነገረኝ። ስገጥም አውቅ ነበር፣ ቬስታ።”

ቬስታ የበረንዳውን ቋሚ ያዘች።

“ታዲያ ለምን?”

“ሦስት ልጅ ይዤ የኩባንያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። አለቃውን በስሙ ብጠራው በማግስቱ ዕቃዬ መንገድ ላይ ነው። ሰው ያለቀበት ዘፈን ደግሞ አጥፊ ይፈልጋል፤ እንዲሁ ‘ጋዝ ገደላቸው’ ብትዪ ማን ያለቅስልሻል? ኢሾም ማንንም ከቤት ማስወጣት አይችልም ነበር።”

“እግሬን አጥበሻል!” አለች ቬስታ። “ይህን ሁሉ ዘመን እግሬን ስታጥቢ…”

“አጥቤያለሁ። ታዲያ በደረቁ ልተውሽ ኖሯል?” አለች ማልቪ። “ሂጂ፣ ያን ጥጃ ጥሪልኝ። ከሞትኩ በኋላ ማንም አያስተካክለውም።”

ቬስታ መሄድ አልፈለገችም። እግሯ ግን ወሰዳት፤ ከዚያች አሮጊት አፍ በቀር የአባቷን ስም የሚያነጻ ምንም ነገር በምድር ላይ አልቀረም።

ጁልያን ቴፑን ይዞ ደስ ብሎት መጣ። ማልቪ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በተሰነጠቀ ድምፅ የሟቾቹን ስም አንድም ሳታስቀር ጠራች። ከዚያም፦

*ኢሾም በሩን ዘጋ ሳንቃ አጋድሞበት፣*
*ሌላ እጅ አነሣው ሰው ሊታረድበት፤*
*ይቅር በለኝ ኢሾም ስምህን አጠፋሁ፣*
*ሐዘኔ አሳውሮኝ ባንተ ላይ ተፋሁ።*

ልጁ ቴፑን አጠፋ። በጣም የተነካ ይመስል ነበር።

“ግሩም ነው፣ አክስቴ ማልቪ። እንዲህ ተለውጦ ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም። ግን ሸክላው ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። እኛ የምንዘፍነው የመጀመሪያውን ነው፤ ምንም ሳንነካ።”

“ልጄ፣ የመጀመሪያውንም የሠራሁት እኔ ነኝ!”

“አይክፋዎትና፣ ‘እኔ ነኝ የሠራሁት’ ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ እንዲያውም አላባማ ነው ያሉት።”

“አላባማ? እሱ ደግሞ የማንን ባል ቀበረ?”

ልጁ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነበር። “ሸክላው የሕዝብ ዘፈን ነው ይላል። የሕዝብ ዘፈን ደግሞ ባለቤት የለውም። ሰው ሲያረጅ ስንኝ ይለሰልስበታል፤ ያጋጥማል።”

ያኔ ቬስታ ከወንበሯ ተነሣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለማንም እንግዳ ብላው የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

“እኔ የኢሾም ስተርጂል ልጅ ነኝ። ያን ቀን ቁርሱን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ሳንቃውን መትቶ ነበር።”

የጁልያን ፊት በራ። ለአንድ አፍታ ቬስታ ነገሩ የተሳካ መሰላት።

“የኢሾም ልጅ!” አለ። “አሁንም በሕይወት አሉ! እና ቁርሱ… ቁርሱ እውነት ነው ማለት ነው!” እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ወዲያው ግን አንድ ነገር የገባው መሰለ፤ ከቬስታ ወደ ማልቪ፣ ከማልቪ ወደ ቬስታ አየ፣ ድምፁም ዝቅ አለ። “ገባኝ። ልጅ ለአባቷ እንዲህ ማድረጓ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። አክስቴ ማልቪም ለጎረቤታቸው ብለው… በጣም ገብቶኛል።”

እውነቱን የምታውቀው ማልቪ ተናገረች፤ ቬስታን ስለወደደች ነው የተናገረችው ተባለ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ልጁ በረንዳው ላይ አቁሞ ፎቶ አነሣት። እሷም እምቢ ያላለችው ማልቪ ገና ተስፋ አድርጋ ስለነበረ ነው፤ አሮጊቷ ከበሩ ላይ ሆና “እንዳትረሳት፣ አዲሷን ነው! አዲሷን ዝፈን!” ትለው ነበር። ልጁም ከመኪናው ሆኖ በትሕትና እጁን አውለበለበ።

ማልቪ በልግ ላይ ወደቀች። ወገቧ ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀረች፤ ልጆቿ በዲትሮይት ፋብሪካዎች ተበትነዋል። የምታገላብጣት ቬስታ ነበረች። ለምን እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም። አንዳንድ ቀን ሾርባውን አስቀምጣ ቃል ሳትናገር ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን ማበጠሪያውን አንሥታ ነጭ ፀጉሯን ስትፈታ ትቆይና፣ “አውቀሽ ነው” የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ማበጠሪያውን ትተዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሪታ ሬዲዮ ከፍታ ሳለች የጁልያን ድምፅ መጣ። ትልቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ነበር፤ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል። “የኢሾም ልጅ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ዛሬም በሕይወት አለች” ሲል ሕዝቡ ጸጥ አለ። “በእጇ ቁርሱን ያቀረበችለት እሷ ነች። ያንን ሸክም ዛሬም ተሸክማ ትኖራለች።” ከዚያ ዘፈነ። ስሙ ጋ ሲደርስ ስንት ሺህ ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ባንድ ድምፅ “ኢሾም!” አለ።

“እማማ” አለች ሪታ፣ “ሸለቆ የሚለው የኛን ነው እንዴ? የኢሾም ልጅ ማናት?”

“እኔ ነኝ” አለች ቬስታ። “ሰውዬው አባቴ ነው።”

ሪታ ሬዲዮውን ዘጋች። ፊቷ ነጣ። አውቶቡስ ውስጥ የዘፈነችው ትዝ እንዳላት ያስታውቅባት ነበር። ቬስታ ሳንቃውን ልትነግራት ጀመረች፤ ልጅቷም በትኩረት፣ በአዘኔታም ጭምር ሰማቻት። ጁልያን በሰማት ዓይነት ነበር የሰማቻት።

ቬስታ ማልቪ ቤት ስትደርስ አሮጊቷ ነቅታ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቃት እንደዋለች ያስታውቃል፤ የዛሬውን በዓል ከሰው ሰምታለች። ቬስታ ትራሱን ደጋግፋ ቀና አደረገቻት።

“ዘፈነው?”

“ዘፈነው።”

“የትኛውን?”

ቬስታ ውሸቱን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው ነበር፦ *አዲሷን ነው የዘፈነው፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ።* ለምትሞት ሴት አንድ ቁራሽ ዳቦ የመስጠት ያህል ቀላል ነበር። ግን አባቷ በዚያ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እውነቱን ይዞ የቀረለት ወዳጅ እሷ ብቻ ነች።

“የድሮዋን ነው” አለች። “በሸክላው እንዳለችው። ሰዉ ሁሉ ስሙን ይጮኽ ነበር።”

ማልቪ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለች። ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቬስታ ጎንበስ አለች፤ ያቺ አሮጊት ስንኟን በውስጧ እየመዘነቻት ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

“ጥሩ አድርጌ ነው የሠራኋት” አለች በመጨረሻ፣ በኩራትና በፍርሃት መካከል ባለ ድምፅ። “አቤት፣ ጥሩ አድርጌ! አዲሷ ደካማ ናት። እኔም ብሆን የድሮዋን ነበር የምዘፍነው።”

“አዎ” አለቻት ቬስታ፣ “ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻታል።”

እውነት ነበር። ሾርባው ቀዝቅዞ እንደሆነ በጣቷ ነክታ፣ ማንኪያውን አነሣች።